ከፍ ያለው ጉብታ ሁልጊዜ የምንፈልገው ሳተላይት አይደለም

ዲሽ በሚተከልበት ጊዜ የሪሲቨሩ የጥራት መስመር የሚነግረን ስለ ተመረጠው ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው። የስፔክትረም ማሳያ ያለው የሲግናል መለኪያ ግን በኬብሉ የሚመጣውን ሞገድ በሙሉ በአንድ ሥዕል ያቀርባል፤ አግድሙ ፍሪኩዌንሲን፣ ቁመቱ ኃይልን ያመለክታል።

ዲሹ ባዶ ሰማይ ሲመለከት የሚታየው ዝቅተኛ መስመር ኖይዝ፣ ማለትም መልእክት አልባ ጫጫታ ነው። ሳተላይት ሲገኝ ከመስመሩ በላይ ጉብታዎች ይነሣሉ፤ እያንዳንዱም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ትራንስፖንደር ሥርጭት ነው። መመዘን ያለበት ጉብታው ከኖይዙ የሚበልጥበት ልዩነት ነው፤ ማጉያ ቢጨመር ሁለቱም አብረው ከፍ ስለሚሉ ጥራቱ አይሻሻልም።

ይሁን እንጂ ጉብታ የሳተላይቱን ማንነት አይናገርም። ዱባይ ሆኖ በ7 ዲግሪ ምዕራብ የሚገኘውን ናይልሳት ለማግኘት ዲሹን ወደ ምዕራብ የሚያዞር ሰው፣ አስቀድሞ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ያሉትን የባድር ሳተላይቶች ሊያገኝ ይችላል። ጉብታቸው ጎልቶ በመታየቱ ተደስቶ ብሎኑን ቢያጠብቅ፣ የሚፈልገው ጣቢያ አይመጣለትም።

ማረጋገጫው ቀላል ስሌት ነው። ኤልኤንቢ የሳተላይቱን ፍሪኩዌንሲ ቀንሶ በኬብሉ ይልካል፤ በዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ታችኛው ባንድ የሚቀነሰው 9,750 ሜጋ ኸርዝ ነው። ስለዚህ በ11,300 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራጭ ጣቢያ፣ የኬብሉን ፍሪኩዌንሲ በሚያሳይ መለኪያ ላይ በ1,550 መታየት ይኖርበታል። ቮልቴጁም ከጣቢያው ፖላራይዜሽን ጋር ይስማማ፦ ለቨርቲካል 13፣ ለሆሪዞንታል 18 ቮልት። ጉብታው በቦታው ከተገኘ በኋላም መለኪያው ሲግናሉን ይዞ የጣቢያዎቹን ስም እስኪያነብ ይታገሡ፤ ብሎኑን የሚያጠብቁት ከዚያ በኋላ ይሁን።