ሕሙማን የጤና ባለሙያዎች አስተማሪዎች ሲሆኑ

አንድ ሐኪም ወይም አንዲት ነርስ ሙያቸውን ከማን ይማራሉ ተብለን ብንጠየቅ፣ ከመምህራንና ከመጻሕፍት ነው ብለን እንመልሳለን። መልሱ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ሙያው የቆመው ለታመመው ሰው ነውና፣ እርሱም ከመምህራኑ መካከል ሊቆጠር ይገባዋል። በዚህ ትምህርት ሕሙማን የጤና ባለሙያዎችን በማሠልጠን ረገድ ያላቸውን ድርሻ እንመለከታለን።

1. ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዊልያም ኦስለር የተባለ የካናዳ ተወላጅ ሐኪም በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ሕሙማን አልጋ አቀረባቸው። ይህ አሠራር ለሕክምና ትምህርት ታላቅ ጥቅም አስገኝቷል። ይሁን እንጂ ከአልጋው አጠገብ በሚሰጥ ትምህርት ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚታይና የሚዳሰስ እንጂ የሚደመጥ አይሆንም። ተማሪዎች ከበውት ስለ ሳንባው ሲነጋገሩ፣ የሳንባው ባለቤት ግን ዝም ብሎ ይተኛል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም በሎስ አንጀለስ አዲስ ዘዴ ጀመረ። ይኸውም ጤነኛ ሰው የበሽታን ምልክቶች አጥንቶ እንደ ሕመምተኛ እንዲቀርብና ተማሪው እንዴት እንደመረመረው እንዲናገር ማድረግ ነው። የተማሪውን ሥራ በተመርማሪው ዓይን የመመዘን በር በዚህ ተከፈተ።

2. ሕመምተኛው የሚያውቀው

ሐኪም በሽታውን ያውቃል፤ ሕመምተኛ ግን ከበሽታው ጋር መኖርን ያውቃል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በተለመደው ሕክምና ለ6 ወር ሳይቋረጥ እንደሚወሰድ ባለሙያው ተምሯል። መድኃኒቱን የሚያስቋርጠው የመንገዱ ርቀት፣ የዕለት ገቢ መቅረት ወይም የጎረቤት ሐሜት መሆኑን የሚያስረዳው ግን ያቋረጠው ሰው ነው። ይህን ያልሰማ ባለሙያ ሕመምተኛውን ቸልተኛ ብሎ ይገሥጸዋል፤ የተገሠጸውም ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። የሕክምና መቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርግ ስለሚችል ጉዳቱ ለቤተሰብና ለጎረቤትም ይተርፋል። እንግዲህ ማዳመጥን መማር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

3. ከኤች አይ ቪ ጋር ከሚኖሩ ሰዎች የተገኘ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1994 በፓሪስ የተሰበሰቡ የ42 አገሮች ተወካዮች፣ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በሚመለከታቸው ሥራ ሁሉ ሰፊ ድርሻ እንዲኖራቸው ተስማሙ። ከዚያ በኋላም የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ሥልጠና፣ ኡጋንዳን ጨምሮ በአፍሪካ አገሮች፣ እነዚህ ሰዎች የጤና ባለሙያዎች አሠልጣኞች ሆኑ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሠልጣኟ አስቀድማ ትሠለጥናለች። ከዚያም የአንዲትን ሕመምተኛ ታሪክ ይዛ፣ ለምሳሌ መድኃኒቱ የሚያቅለሸልሻትን ሴት ሆና፣ በሠልጣኟ ነርስ ፊት ትቀመጣለች። ነርሷም ትጠይቃለች፤ ትመክራለች። በመጨረሻ አሠልጣኟ የመመዘኛውን ዝርዝር እየተመለከተች የተሠራውንና የተዘለለውን ትገልጽላታለች። «ስንት ኪኒን እንዳመለጠኝ ጠይቀውኛል፤ ለምን እንዳመለጠኝ ግን አልጠየቁኝም» ልትላት ትችላለች። እንዲህ ያለው እርማት በመጽሐፍ አይገኝም።

በካናዳም የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ሕሙማንን የሕክምና ትምህርት ተባባሪዎች የሚያደርግ ክፍል አቋቁሟል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2011 ወዲህ ከተለያዩ የጤና ሙያዎች የተውጣጡ ተማሪዎች በቡድን ሆነው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ካለበት ሰው ለ16 ወራት የሚማሩበት ሥርዓት ተጀምሯል።

4. ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች

ሀ. ፈቃድ፦ «እምቢ ብል ሕክምናዬ ይጓደልብኛል» ብሎ የፈራ ሰው ፈቀደ አይባልም። ያለ ፍርሃት እምቢ ማለት መቻል አለበት።

ለ. ምስጢር፦ የሚናገረውንና የማይናገረውን የሚወስነው ራሱ ሕመምተኛው ነው።

ሐ. ዝግጅትና ወጪ፦ ሳይዘጋጅ እንዲያስተምር አይገደድ፤ መጓጓዣውና የዋለበት ቀን ይታሰብለት።

መ. ሚዛን፦ የአንድ ሰው ሕመም የሁሉም ሕመም አይደለም። አንደበተ ርቱዕ የሆነው የከተማ ሰው ብቻ ሳይሆን ገበሬውና ማንበብ የማይችለውም ይጋበዙ። የሕሙማን ምስክርነት የሕክምናን ሳይንስ ይሞላል እንጂ አይተካም።

5. ለእኛስ?

ሕሙማንን የምንጎበኝ ካቴኪስቶችና ምእመናን ሐኪሞች ባንሆንም ትምህርቱ ይመለከተናል። ብዙ ጊዜ ለታመመው ሰው ምክር ይዘን እንሄዳለን፤ ጥያቄ ይዘን የምንሄደው ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ የሚፈራ ሰው ስናገኝም፣ ችግሩን በራሱ አንደበት ለባለሙያው እንዲያስረዳ ማበረታታት እንችላለን። በእርሱ ፈንታ ከመናገር ይልቅ እርሱ እንዲናገር ማገዝ ይሻላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ሕሙማን ሕክምናቸውን የሚያቋርጡት በምን ምክንያት ነው? ይህን ከራሳቸው ሰምተናል ወይስ ገምተናል?

2. አንድ ሕመምተኛ ለተማሪዎች ማስተማሪያ እንዲሆን ሲጠየቅ በነጻነት እምቢ ለማለት ምን ያስፈልገዋል?

3. ለጤና ባለሙያዎች ልምዳቸውን ቢያካፍሉ የሚጠቅሙ፣ እስካሁን ግን ያልተጠየቁ እነማን ናቸው?