ሌንሱን ሜዳው ይምረጥላችሁ

ወረታ ላይ ካሜራ ለመግዛት ብር የምታጠራቅሙ ወጣቶች፣ «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው አቆዩት። የሚቀድመው «ምን ላንሣ?» ነው። በዚህ ደግሞ ታድላችኋል። ከከተማው ወጣ ስትሉ የሚቀበላችሁ የፎጌራ ሜዳ የሩዝ፣ የከብትና የወፍ አገር ነው፤ ሠርጉና ጥምቀቱም አለላችሁ።

ማሳውን ለምትወዱ መንገዱ ቀላል ነው። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ፣ በመስከረም ሩዙ አረንጓዴ ሲለብስ፣ በኅዳር ለአጨዳ ሲደርስ፣ ያን ሁሉ ስፋት ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይይዝላችኋል። ማሳ አይሮጥም፤ ውድ ካሜራ አይጠይቅም። ጠንካራ ስታንድ ግዙና ፀሐይ ሳትወጣ ድረሱ።

ሠርግ ግን ሌላ ነው። ድንኳን ውስጥ ብርሃን ያንሳል፤ ጭፈራው ሲደምቅ ደግሞ ማንም ቆሞ አይጠብቃችሁም። እዚህ የምመክረው 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ነው። 18–55ቱ እስከ 55 ሲሳብ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይቀራል፤ 50ው በኤፍ 1.8 ወደ ዐሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ዋጋውም ከሌንሶች ሁሉ ዝቅ ካሉት ይመደባል። የሙሽራ ቀን አይደገምምና ትርፍ ባትሪና ትርፍ ሚሞሪ ካርድ ሳትይዙ ሥራ አትቀበሉ። ካሜራው ራሱ ያገለገለ ቢሆን ምንም አይደል። በእኔ እምነት ከሠርግ መጀመር ብልህነት ነው፤ ቀጣዩን ዕቃ የሚገዛላችሁ እሱ ነውና።

ቀጣዩ ዕቃ ስል ልቤ ያለው ወፎቹ ዘንድ ነው። በበጋ ከሰሜኑ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ክሬኖች ሸሸርና ወለላ ረግረግ ላይ ይውላሉ። ሰው ሲቀርባቸው ስለሚበሩ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል፤ የሚበር ክንፍ እንዳይደበዝዝም የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/1000 ሴኮንድ በታች መውረድ የለበትም። ዋጋው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚህ ረግረጎች ያሉበት የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ቢመዘገብም ረግረጎቹ በእርሻ ምክንያት እየጠበቡ ነው። በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ቆሞ የሚያነሣቸው የአገሩ ልጅ ያስፈልጋቸዋል። ከእናንተ የሚቀርባቸው ማን አለ?

እስከዚያ ድረስ ስልካችሁ ይሥራ። ገበያ፣ ማሳ፣ ጎረቤት፣ ዓይናችሁ የሳበውን ሁሉ አንሡበት። ከዚያ ያነሣችሁትን ተመልከቱ። የሰው ፊት ከበዛ 50ውን ግዙ። ሜዳና ሰማይ ከበዛ 18–55ቱ ይበቃችኋል። ከሩቅ ተነሥተው የደበዘዙ ወፎች ከበዙ ግን ለረጅሙ ሌንስ ከዛሬ ጀምራችሁ አጠራቅሙ።