አለርጂው፣ ኪኒኑና የባጃጁ መሪ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ። አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን በጣና ዳር ስመላለስ ያስነጥሰኛል፤ ዓይኔንም ያሳክከኛል። ክሎርፌኒራሚን ስወስድ ይተወኛል፤ ግን መሪ ይዤ ያንጎላጀኛል። ለምን?

መልስ፦ በአደይ ላይ ለመፍረድ አይቸኩሉ። ብናኟን የሚያመላልሱት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው በዚያው ወቅት አብቦ ብናኙን ለነፋስ የሚሰጠውን ሣር ነው።

ብናኙ ሲገባ በአፍንጫና በዓይን ሽፋን ውስጥ ያሉ ማስት ሴሎች ያከማቹትን ሂስታሚን ይለቃሉ። ሂስታሚን ኤች 1 ከሚባሉ ተቀባዮች ጋር ሲገናኝ ነርቭ ይቆጣል፣ የደም ሥር ይሰፋል፣ ንፍጥና እንባ ይፈስሳል። መድኃኒቱ ሂስታሚንን አያጠፋም፤ ቦታውን ይይዝበታል። ስለዚህ ሕመሙ ሳይብስ አስቀድሞ መውሰዱ ይመረጣል። ሂስታሚንን የሚከላከሉ መድኃኒቶችን ያገኘው ሳይንቲስት ዳንኤል ቦቬ ለዚህና ለሌሎች ግኝቶቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ኖቤል ተሸልሟል።

እንቅልፉስ? አንጎል ውስጥ ሂስታሚን ነቅተን እንድንቆይ ያደርጋል። ክሎርፌኒራሚን እዚያ ድረስ ይዘልቃል፤ ሎራታዲን የተባለው ሌላ የአለርጂ መድኃኒት ግን እምብዛም አይዘልቅም። ለአዋቂ በቀን አንድ ጊዜ 10 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ሌላ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ። ሴትሪዚንም ጥሩ ነው፤ ጥቂት ሰዎችን ስለሚያስተኛ መጀመሪያ ማታ ይሞክሩት። ክሎርፌኒራሚን ወስደው ግን አይንዱ፤ ከአረቄ ጋርማ ጭራሽ!

ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ኪኒን አይበቃም። የሚያስፈልገው የአድሬናሊን መርፌ ነውና ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።