ስስ ደመና፣ ደብዛዛ ኔቡላ እና የፖስተራችን ነገር



ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ባዘጋጀነው የሥነ ፈለክ ምሽት ላይ የተገኛችሁ ሁሉ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ፖስተር ታስታውሱታላችሁ። መሐሉ ላይ ጭስ የመሰለ ቀይ ነገር ያለበት፣ ዳር ዳሩ የደበዘዘው። «ኢንተርኔት ላይ ያለው እኮ ከዚህ በጣም ያምራል» ያለኝ ሰው አንድ ብቻ አልነበረም። እውነታችሁን ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የደበዘዘበትም ምክንያት አለው። ያን ዕለት ቡና በእጄ ይዤ በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ስላልቻልኩ እዚህ በሰፊው ልሞክር።

የምኖረው ላምበርትሴተር ነው፤ ከኦስሎ መሐል በ4 ቁጥር ባቡር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትወጡ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተገነባች፣ የኖርዌይ የመጀመሪያዋ «ድራባንትቢ» የምትባል ሰፈር ናት። ድራባንት ማለት በፕላኔት ዙሪያ የምትዞር አጃቢ፣ ሳተላይት ማለት ነው። ሰማይ ለሚወድ ሰው መጠሪያው ደስ ይላል፤ ሰማዩ ግን ደስ አይልም። ጥርት ባለ ምሽት እንኳ ከበረንዳዬ የምቆጥራቸው ከዋክብት ጥቂት ናቸው። ደመና ሲኖር የከተማው መብራት ከደመናው እየነጠረ ይመለሳል፤ በረዶ መሬቱን ሲሸፍነው ደግሞ ይብሳል።

ከዚያ በረንዳ የማላጣው አንድ ቅርጽ ግን አለ። «ሠ» ፊደልን የመሰሉ አምስት ከዋክብት፣ ካሲዮፒያ። በግሪኮች ተረት ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት ናት፤ አጠገቧ ያለው ሴፊየስ ንጉሡ ባሏ፣ አንድሮሜዳ ደግሞ ልጃቸው። የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» የኛዋ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ክርክር ለታሪክ ተማሪዎች እተወዋለሁ። ለፎቶ አንሺ የሚጠቅመው ሌላ ነው። ኦስሎ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ላይ ስለሆነች ካሲዮፒያ እዚህ አትጠልቅም፤ በኅዳር ምሽት ጭራሽ አናታችን ላይ ትቆማለች። በ9 ዲግሪ ላይ ካለችው ከአዲስ አበባ ስትታይ ግን ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፤ ከፍታዋም ወደ ሰሜን ከ40 ዲግሪ ገደማ ብዙም አያልፍም።

ከካሲዮፒያ ጎን የልብ ኔቡላ የሚባል የጋዝ ደመና አለ፤ የካታሎግ ስሙ አይሲ 1805። ወደ 7,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትንሽ ነገር ስለሚመስለው ነው። ከዳር እስከ ዳር ቢለካ አራት አምስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚይዘውን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ትልቅ ቴሌስኮፕ አያስፈልገውም፤ እኔ የተጠቀምኩት 135 ሚሊሜትር የፎቶ ሌንስ ነው። ችግሩ ብርሃኑ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ ተበትኖ መሳሳቱ ነው። አንድ ማንኪያ ቅቤ ለሃያ እንጀራ አዳርሱ እንደ ማለት ነው።

መሐሉ ላይ ያሉት ወጣትና ትኩስ ከዋክብት በዙሪያቸው ያለውን ሃይድሮጂን ስለሚያነዱት ጋዙ 656 ናኖሜትር ገደማ ላይ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ተራ ካሜራ ይህን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን አያስገባም፤ የሰው ፊት እንዳይቀላ ተብሎ ከሴንሰሩ ፊት የተደረገ ፊልተር አለው። እኔ ያለኝ ያ ፊልተር የተነሳለት ያገለገለ ካሜራ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ አትሽሹ፣ ስኩዌር ሩት ብቻ ነው። በአንድ የ60 ሰከንድ ፎቶ፣ በአንድ ፒክስል ላይ፣ ከኔቡላው 10 የብርሃን ቅንጣት ከሰማዩ ድምቀት ደግሞ 400 ገባ እንበል (ቁጥሮቹን ለምሳሌ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ)። «400ውን ቀንሶ 10ሩን ማስቀረት ነዋ» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የብርሃን ቅንጣት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ በየደቂቃው እኩል ጠብታ አይወርድም። አንዴ 380፣ አንዴ 425 ይሆናል። የመዋዠቁ መጠን በአማካይ የጠቅላላው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው፤ የ410 ደግሞ 20 ገደማ። አሥሯ የኔቡላ ቅንጣት በ20 መዋዠቅ ውስጥ ተዋጠች ማለት ነው። ይህን መዋዠቅ ኖይዝ እንለዋለን።

100 ፎቶ ብንደራርብስ? ከኔቡላው 1,000 ይሰበሰባል። ኖይዙ ግን በ100 ሳይሆን በ10 እጥፍ ብቻ ስለሚያድግ 200 ገደማ ላይ ይቆማል። ኔቡላው የኖይዙን 5 እጥፍ ሆነ፤ ታየ።

ስስ ደመና ሲመጣ ሁለቴ ይዘርፈናል። ከኔቡላው ይገባ የነበረው 10 ወደ 6 ይወርዳል፤ የመብራቱ ነጸብራቅ ሰማዩን ከ400 ወደ 600 ያሳድገዋል። 6ን ለ25 ገደማ ስናካፍል ከቀድሞው ግማሽ ነው። ግማሽ ማለት በስኩዌር ሩቱ ሕግ አራት እጥፍ ጊዜ ማለት ነው፤ አንድ ሰዓት ይበቃው የነበረው ፎቶ አራት ሰዓት ይፈልጋል።

የሃይድሮጂኑን ቀይ ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ፊልተር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ከኔቡላው 9 ያህሉን ሲያስገባ ከሰማዩ 400 ውስጥ 30 ገደማ ብቻ ያስገባል እንበል። 9ን ለ39 ስኩዌር ሩት ስናካፍል 1.4 አካባቢ ይመጣል፤ ያለ ፊልተር 0.5 ነበር። ሦስት እጥፍ መሻሻል ዘጠኝ እጥፍ ጊዜ ከመቆየት ጋር እኩል ነው። ካሜራው ራሱ የሚጨምረውን ኖይዝ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁም፤ ሲገባ ጥቅሙ ይቀንሳል። በፊልተር ስናነሳ አንዱን ፎቶ ወደ 3 ደቂቃ የምናረዝመው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አውቄ ነው ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የወጣሁት። ጨረቃ የሌለባት፣ ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት የቀረችኝ አንዲት ቅዳሜ ነበረች፤ ትንበያው ደግሞ ስስ ደመና ይላል። እዚህ አገር ሌሊት በነፃ አይገኝም። ከአፕሪል ማለቂያ እስከ ኦገስት አጋማሽ ኦስሎ ላይ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፤ በቀሪዎቹ ወራት ደመናው አለ። ለሰፈሬ የሚቀርበው የኦስትማርካ ደን ለእግር ጉዞ ድንቅ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን የኦስሎ ብርሃን ከምዕራብ በኩል ይበላዋል። ስለዚህ መኪና ያለው አንድ የአገሬን ልጅ ለምኜ፣ ከኮንግስቪንገር አልፈን ወደ ስዊድን ድንበር ወደሚጠጋው የፊንስኩገን ደን ሄድን። ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው።

መኪናውን አቁመን መብራት ስናጠፋ ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየና፣ «እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ ለዚህ ነው? ምንም የለም እኮ!» አለኝ። ከዋክብቱ በነጠላ ውስጥ እንደሚታይ ኩራዝ ነበሩ። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 6 ይላል። ካሜራውን ከሰማዩ ጋር የሚያዞረውን መሣሪያ በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ አስተካከልኩ። (የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ካላችሁበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እዚህ 60 ዲግሪ ላይ ስለሆነ አንገት ያማል፤ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ጋራና ሕንፃ ይጋርደዋል።) ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ ትርፎቹን በብብቴ ይዣለሁ። ለውርጩ መከላከያ የእጅ ማሞቂያ ከረጢቶችን በአሮጌ ካልሲ አድርጌ ሌንሱ ዙሪያ አሰርኩ።

በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል 92 ፎቶ አነሳሁ፤ እያንዳንዱ የ3 ደቂቃ። ማሞቂያው ሲበርድ ቶሎ ስላልለወጥኩት 22ቱ በውርጭ ተበላሹ። ሻይ እየጠጣሁ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። 70 ቀረ፤ 210 ደቂቃ።

ሁለተኛው ስህተቴ ቤት ነው የተፈጸመው። ከዚያ ሁሉ ብርድ በኋላ አንዷንም መጣል ስላሳዘነኝ 70ውንም ደራረብኳቸው። የወጣው ምስል በሰያፍ የሚያልፉ ወፋፍራም የብርሃን ቀበቶዎች ነበሩበት፤ ኔቡላው በመካከላቸው ተቆራርጧል። ምክንያቱን ለማወቅ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። ከላይ ያየነው የስኩዌር ሩት ሕግ የሚሠራው በዘፈቀደ ለሚዋዥቅ ነገር ብቻ ነው። ከአንድ አቅጣጫ በመንደር መብራት የተበራ ደመና በዘፈቀደ አይዋዥቅም፤ በየፎቶው ተመሳሳይ ጎን ያደምቃል፤ ስንደራርበው ከኔቡላው እኩል ይደመራል። የሴንሰሩ ቋሚ ጉድለቶችም እንዲሁ ናቸው። ለእነሱ መድኃኒቱ በየጥቂት ፎቶው የካሜራውን አቅጣጫ በጥቂት ፒክስል ማዛነፍ ነው፤ ያኔ ጉድለቱ አንድ ቦታ ላይ አይከማችም። ለደመናው ግን ከመጣል ሌላ ብዙ መላ የለም።

በምን እንምረጥ? በዓይን ማየት ያታልላል፤ ሲደክመን ሁሉም ጥሩ ይመስላል። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ስንት ኮከብ እንዳገኘ ይቆጥራል። ምርጦቹ ላይ 1,900 ያህል፣ መጥፎዎቹ ላይ ከ600 በታች ነበር። ከ1,400 በላይ ያላቸውን ብቻ አስቀረሁ፤ 38 ፎቶ፣ 114 ደቂቃ። ከአምስት ሰዓት ሌሊት ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ቀበቶዎቹ ግን በአብዛኛው ጠፉ፤ ልቡም በደብዛዛው ብቅ አለ።

ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን የሚፈልገው ረቡዕ ነበር። ማክሰኞ ማታ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኖይዝ በሚያጠራ ፕሮግራም ውስጥ አሳለፍኩት። የወጣውን ብታዩት! ጠርዙ ጥርት ብሎ፣ በግራ በኩል ደግሞ እንደ ሐር ክር ቀጭን የሆነ የጋዝ ጅማት ታየ። ለጓደኛዬ ላክሁለት፤ «ይሄማ ናሳ ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ ማለት እፈልግ ነበር፤ ያቺ ክር ግን አላስተኛችኝም። 114 ደቂቃ በስስ ደመና ይህን ያህል ቀጭን ነገር ያሳያል?

ተነስቼ ያደረግሁት ማንኛችሁም በራሳችሁ መረጃ ላይ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር ነው፤ የግድ የሰማይ ፎቶ መሆን የለበትም። 38ቱን ፎቶ ለሁለት ከፈልኳቸው፤ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያልኩ 19 በአንድ ወገን፣ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያልኩ 19 በሌላ ወገን። በቅደም ተከተል መጀመሪያና መጨረሻ ብዬ አልከፈልኩም፤ ደመናው ከሰዓት ሰዓት ስለሚለያይ። ሁለቱን ለየብቻ ደራርቤ፣ ለየብቻ በዚያው ፕሮግራም አሳለፍኳቸው። ሰማይ ላይ በእርግጥ ያለ ነገር በሁለቱም ላይ ሊታይ ይገባዋል። የልቡ ቅርጽ በሁለቱም አለ። መሐሉ ላይ ያሉት ከዋክብትም አሉ። በስተቀኝ ያለው ደማቅ ጉብታም አለ። የሐር ክሯ በአንደኛው ብቻ ነበረች፤ በሌላኛው ቦታዋ ላይ ሌላ ክር፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ! ፕሮግራሙ ኖይዙን አይቶ፣ ከዚህ በፊት ካያቸው ቆንጆ ፎቶዎች ልምድ ተነስቶ፣ ክር ፈትሎልኛል።

«ማን ያውቃል? ተወው በቃ፣ ያምራል» አለኝ ጓደኛዬ። በዚያ ምሽት አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ወደ ፖስተሩ ጠጋ ብላ «ይህቺ ክር ምንድን ናት?» ብትለኝ ምን እንደምመልስላት አሰብኩ። ስለዚህ ያያችሁትን ላክሁ፤ በሁለቱም ግማሾች ላይ የታየውን ብቻ፣ በቀላል መንገድ የለሰለሰ። ዳሩ የደበዘዘው እዚያ ጋ ጋዝ ይኑር አይኑር የኔ 114 ደቂቃ መለየት ስላልቻለ ነው።

ለቀጣዩ ዕቅዴ ተባባሪ እፈልጋለሁ። የፈረስ ራስ ኔቡላን ታውቁት ይሆናል፤ በኦሪዮን ውስጥ ያለ ጥቁር የአቧራ ደመና ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 በሃርቫርድ የፎቶ መስታወት ላይ ያገኘችው ዊሊያሚና ፍሌሚንግ ናት፤ ከስኮትላንድ ተሰዳ አሜሪካ ገብታ በኦብዘርቫቶሪው ኃላፊ ቤት በሠራተኝነት የጀመረች ሴት። ይህ ኔቡላ ከኦስሎ ቢበዛ 27 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ብርሃኑ አናት ላይ ካለ ኮከብ ብርሃን ሁለት እጥፍ በላይ አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰን። ከአዲስ አበባ ግን 78 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ አናት ላይ ማለት ይቻላል፤ ከተማዋ ራሷም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጥር ደግሞ በጋ ነው። የከተማው መብራት ግን እዚያም እየበዛ ነው። ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ3,200 ሜትር ላይ ሆኖም መብራቱ ይደርሰዋል፤ ለተሻለ ቦታ በላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች የተጠኑትም አንድም ለዚህ ነው።

ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የምትሄዱና ከከተማ ወጣ የምትሉ ካላችሁ ሌንሱን፣ ፊልተሩንና ካልሲውን አውሳለሁ። የምታነሷቸውን ፎቶዎች አትምረጡ፣ አታሳምሩ፤ ሁሉንም እንዳሉ አምጡልኝ። እኔ ከፍዬ እደራርባቸዋለሁ።