ፖም የሚጠይቀው የእኛን ክረምት አይደለም

በስሜን ተራሮች ግርጌ ገንዘቡን በፍሬ ዛፍ ላይ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣ ነጋዴ ዳባትን ሲያልፍ ጋቢውን መደራረብ ይጀምራል። ደጃዝማች ካሳ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያምም የምትገኘው በዚሁ ብርዳም አገር ነው። ይህን ብርድ የቀመሰ ሰው «የፈረንጅ ፍሬ እዚህ ካልበቀለ የት ሊበቅል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ችግኝ ገዢው እንደሚያስበው ቀላል አይደለም።

ፖም ለኢትዮጵያ እንግዳ ተክል አይደለም። በደቡብ፣ በጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ ላይ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በሚሲዮናውያን አማካይነት ገብቶ፣ የአካባቢው ገበሬ ከፍሬውም ከችግኙም ገንዘብ የሚያገኝበት ሀብት ሆኗል። ቆይቶም አማራ ክልልን ጨምሮ ወደ ሌሎች ደጋዎች ተሰራጭቷል። ችግኙ ሲጓዝ ግን አያያዙ ሁልጊዜ አብሮት አልተጓዘም። በመሆኑም ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬ የሚነፍግ ዛፍ ማየት የተለመደ ነው። ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሌሊት ገቢ፣ ቀን ወጪ

እኛ ክረምት የምንለው የዝናቡን ወራት ነው። የፖም አገር ክረምት ግን የብርድ ወራት ነው። በዚያ ወቅት ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆኑ ሰዓቶች ተቆጥረው እስኪሞሉለት ድረስ እምቡጡን በወጉ አይከፍትም። አንዳንዱ ዝርያ 1,000 ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። በእስራኤል የተዳቀለው «አና» እና ከባሃማስ የተገኘው «ዶርሴት ጎልደን» ግን በ300 ሰዓት ገደማ፣ ከዚያም ባነሰ ይረካሉ።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቷ ይበርዳል። ይሁን እንጂ ሰማዩ በሚጠራበት በበጋው ወራት ቀኑ ይሞቃል። ሌሊት የተጠራቀመውን ብርድ የቀኑ ሙቀት መልሶ ይሸረሽረዋል። ነገሩ ሌሊት ገቢ ተደርጎ ቀን ወጪ እንደሚሆን የባንክ ሂሳብ ነው። ዛፉም በወጉ ሳይተኛ፣ በወጉም ሳይነቃ ይከርማል። አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው ራቁቱን ይቀራል። ፍሬው በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስም ለአንድ መኪና የሚበቃ ጭነት መሰብሰብ ያስቸግራል።

ሁለተኛው አደጋ ውርጭ ነው። የተኛ የፖም ዛፍ ከባድ ብርድ ይችላል። የፈነዳ አበባ ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሲደርስ መሞት ይጀምራል፤ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ሲሆን አብዛኛው ያልቃል። ጥቂት ብርድ የሚበቃው ዝርያ ቶሎ የመንቃት ጠባይ ስላለው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ካበበ የዓመቱ ምርት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል።

መፍትሔው ዛፉን ማሳረፍና በቀጠሮ መቀስቀስ ነው። በኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ጃቫ፣ ባቱ በተባለው አካባቢ የፈረንጅ ክረምት ከነጭራሹ የለም። የባቱ ገበሬ ፍሬው ከተለቀመ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ቅጠሉን በእጁ ሸምጥጦ ዛፉን ያስነሳል፤ በዓመትም ሁለት ጊዜ ይለቅማል። ለስሜን ግርጌ የሚበጀው ዘዴውን እንዳለ መቅዳት ሳይሆን ከውርጩ ወራት ጋር ማስማማት ነው።

ጥሪቱ የሚጠራቀመው መቼ ነው?

አበባውና የመጀመሪያው ቅጠል የሚወጡት በአብዛኛው ባለፈው ወቅት በግንዱና በሥሩ ውስጥ በተከማቸ ምግብ ነው። ስለዚህ ከለቀማ በኋላ ዛፉ ላይ የቀረው ቅጠል ሥራ ፈት አይደለም፤ ለመጪው ዓመት ጥሪት የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ለቀማው እንዳለቀ ቅጠሉን የሸመጠጠ ሰው፣ ገንዘቡን ሳያስገባ ለማውጣት እንደ ቸኮለ ደንበኛ ይቆጠራል።

በየካቲት ለማስነሳት የታሰበ ዛፍ እንዲህ ይያዛል።

ዛፉ ሲነሳ ውሃና የዩሪያው ግማሽ ይሰጠዋል። ቀሪው ግማሽ ፍሬ ከቋጠረ በኋላ ይሰጣል። የተለመደው መነሻ ስሌት ለእያንዳንዱ የዛፉ ዕድሜ ዓመት 100 ግራም ዩሪያ ሲሆን፣ ዛፉ የቱንም ያህል ቢያረጅ ከ1 ኪሎ አያልፍም። ዛፉን በሚያሳጥር ሥር ላይ ለተዳቀለ ችግኝ መጠኑ መቀነስ አለበት። ብስባሽ ለሚጨምርም እንዲሁ።

ከሐምሌ በኋላ ዩሪያ መሬት ላይ አይጨመርም። ዘግይቶ የተጨመረ ማዳበሪያ ለጋ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ለጋውን ደግሞ ውርጭ ያቃጥለዋል። ለቀማው አልቆ ቅጠሉ ሲያረጅ፣ ሊሸመጠጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ100 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ዩሪያ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ መርጨት ጥሪቱን ይጨምራል። ይህ ብጥብጥ ለጋ ቅጠልን ስለሚያቃጥል አስቀድሞ መርጨት አይገባም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውሃ ይከለከላል። በጥር አሮጌው ቅጠል በእጅ ይሸመጠጣል። ቀጥሎ ውሃ ሲሰጠው እምቡጡ በአንድነት ይነሳል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ስለሚፈጅ፣ ባለሀብቱ በመካከሉ ነጭ ሽንኩርት ተክሎ ወጪውን ለመሸፈን ያስባል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በበጋ በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት ውሃውንም ማዳበሪያውንም የሚያገኘው ፖሙ ሊያርፍ በሚገባው ጊዜ ነው። ዛፉ ይነቃል፣ ውርጩም ያገኘዋል። ሽንኩርቱ ከዛፉ ሥር በቂ ርቀት ሊኖረው ወይም በዝናብ ብቻ ሊለማ ይገባል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ችግኝ የሚገዛ፣ የለማ ማሳ የሚጋራ ወይም በመካከል ሆኖ የሚያገበያይ ሰው የሚከተሉትን ይመርምር።

አንደኛ፣ የዝርያው ስምና የተዳቀለበት ሥር በጽሑፍ ይሰጠው። «ጥሩ ፖም ነው» የሚል ቃል ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በማሳው ላይ አብረው የሚያብቡ ቢያንስ ሁለት ዝርያዎች መኖራቸውን ያረጋግጥ። «አና» ብቻውን ከተተከለ ምርቱ ያንሳል፤ «ዶርሴት ጎልደን» ግን ጥሩ አዳቃዩ ነው።

ሦስተኛ፣ መሬቱ ተዳፋት ይሁን። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚፈስ ውርጭ የሚበረታው ሸለቆ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ውሃ የሚቋጥር ዋልካ አፈርም ሥሩን ያበሰብሳል።

አራተኛ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት የማይነጥፍ ውሃ መኖሩን በዓይኑ ይይ። ዛፉ በቀጠሮ ተቀስቅሶ ውሃ ካጣ ከመጀመሪያው ባይቀሰቀስ ይሻለው ነበር።

አምስተኛ፣ ሜትር ይዞ ይሂድ። ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ የዘንድሮ ቅርንጫፉ ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢያድግ አመጋገቡ ደህና ነው። ከዚያ እጅግ ካጠረ ተርቧል፤ እጅግ ከረዘመ ደግሞ ዩሪያው በዝቶበት ፍሬውን ትቶ ቅጠል እያበጀ ነው።

ስድስተኛ፣ ባለማሳው ቅጠሉን ባለፈው ዓመት በየትኛው ወር እንደሸመጠጠ፣ ውሃስ መቼ እንዳቆመ ይጠይቀው። ቀኑን ቆጥሮ የሚመልስ ባለማሳ ዛፉን ያውቀዋል። «ቅጠሉ እስካማረ ድረስ ምን ቸገረኝ?» የሚል ከሆነ ግን ገዢው የሚከፍለው ለጥላ እንጂ ለፍሬ አይደለም።