አክሲዮን ምንድን ነው? ገንዘብ ከማውጣት በፊት መታወቅ ያለባቸው ቃላት



ገጠር የሚመደብ መምህር የሚጠየቀው ስለ ፊደልና ስለ ሒሳብ ብቻ አይደለም። የፍርድ ቤት መጥሪያ አንብብልኝ፣ የማዳበሪያ ዕዳዬን አስላልኝ፣ በስልኬ የመጣው መልእክት ምን ይላል እየተባለ ይጠየቃል። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ ጥያቄ ተጨምሯል፤ ይኸውም «አክሲዮን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው ነው። «ግዛ» ወይም «አትግዛ» ብሎ መፍረድ የኛ ሥራ አይደለም። ቃላቱን አጥርቶ ማስረዳት ግን የመምህር ሥራ ነው። የፈረመበትን ቃል ትርጉም የማያውቅ ሰው ገንዘቡ ሲጠፋ እንኳ ለምን እንደጠፋ አያውቅምና።

በአገራችን ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ በብሔራዊ ባንክ አማካይነት አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚያገበያይ ቡድን ተቋቁሞ ይሠራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ሲዛወሩ ያ ሥራ ቆመ። ከብዙ ዓመት በኋላ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጣ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ። በገበያው መጀመሪያ የተመዘገበው ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነው። እንግዲህ ወደ ቃላቱ እንግባ።

ሀ) አክሲዮን

አክሲዮን ማለት የአንድ ኩባንያ ሀብት በእኩል ሲከፋፈል አንዱ ክፋይ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ቀበሌ ሰዎች ወፍጮ ቤት ለመትከል 200,000 ብር አስፈለጋቸው እንበል። ገንዘቡን በ200 ከፍለው እያንዳንዱን ክፋይ በ1,000 ብር ሸጡ። 10 ክፋይ የገዛ ሰው 10,000 ብር አዋጣ፤ ከወፍጮው ውስጥ ከመቶ 5 እጁ የእርሱ ሆነ። ይህ ሰው ባለአክሲዮን ይባላል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባለአክሲዮን ባለቤት እንጂ አበዳሪ አይደለም። ስለዚህ ወፍጮው ሲያተርፍ ያገኛል፤ ሲከስር ያጣል፤ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብሎ ወፍጮ ቤቱን ሊከስ አይችልም። ሁለተኛ፣ የሚያጣው ያዋጣውን ብቻ ነው። ኩባንያው በዕዳ ቢዘጋ አበዳሪዎች መጥተው የባለአክሲዮኑን በሬ አይነዱም። ብዙ ሰው ሳይተዋወቅ ገንዘቡን አንድ ላይ ለማዋል የሚደፍረውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው አዋሽ ባንክ 486 መሥራች ባለአክሲዮኖች ነበሩት።

ባለአክሲዮን በጠቅላላ ጉባዔ ድምፅ አለው። ነገር ግን ድምፁ በአብዛኛው የሚቆጠረው በአክሲዮን ብዛት ነው። አንድ ሰው ወይም መንግሥት ከግማሽ በላይ ከያዘ የቀሩት ቢሰበሰቡም ሊያሸንፉት አይችሉም።

ለ) የትርፍ ድርሻና ወለድ

እነዚህ ሁለት ቃላት ሁልጊዜ ይምታታሉ። ወለድ በውል የተቆረጠ ነው። የትርፍ ድርሻ ግን ትርፍ ሲኖር፣ ያውም ጉባዔው ይከፈል ሲል ብቻ የሚገኝ ነው።

ወፍጮ ቤታችን በዓመቱ 40,000 ብር አተረፈ እንበል። ጉባዔው ተሰብስቦ 16,000 ብሩ ለሞተር ጥገና ይቀመጥ፣ 24,000 ብሩ ይከፋፈል አለ። 24,000 ለ200 ሲካፈል ለአንድ አክሲዮን 120 ብር ይደርሳል። 10 አክሲዮን ያለው 1,200 ብር ይወስዳል። በሚቀጥለው ዓመት ሞተሩ ቢቃጠል ግን ድርሻው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይጠየቅበትም።

የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በሚሸጥበት ጊዜ አጎቴ ደውለው «ልጄ፣ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ባስገባ በየወሩ ስንት ይሰጡኛል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ጋሼ፣ አክሲዮን እኮ ዕቁብ አይደለም፤ ወር ጠብቆ የሚወጣ ዕጣ የለውም። ትርፍ ካለ በዓመት ይከፈላል፤ ከሌለ የለም» አልኳቸው። ቀጥዬም ገንዘቡ ለምን እንደተቀመጠ ብጠይቃቸው በግ ሸጠው ለመስከረም ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም ያኖሩት ኖሯል። መስከረም ላይ የሚፈለግ ገንዘብ የአክሲዮን ገንዘብ አይደለም። የሚፈለግበት ቀን ሲደርስ ገዢ ላይገኝ ይችላል፤ ወይም በርካሽ መሸጥ ይመጣል። አጎቴም ይህንኑ ሰምተው «እንግዲያስ የሚተርፈኝ ሲኖር እናያለን» አሉ።

ሐ) ቦንድ

ቦንድ ማለት የብድር ወረቀት ነው። ገዢው ለመንግሥት ወይም ለድርጅት ያበድራል፤ የተቆረጠ ወለድና የመመለሻ ቀን አለው። ባለቦንዱ ድምፅ የለውም፤ ድርጅቱ ብዙ ቢያተርፍም ከተቆረጠው በላይ አያገኝም። ድርጅቱ ቢፈርስ ግን ከባለአክሲዮኑ በፊት ይከፈለዋል። በሌላ አነጋገር ባለቦንድ ትንሽ ተስፋና ትንሽ ስጋት፣ ባለአክሲዮን ብዙ ተስፋና ብዙ ስጋት አለው። አክሲዮንም ቦንድም በአንድ ላይ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተብለው ይጠራሉ።

መ) የመጀመሪያ ደረጃና የሁለተኛ ደረጃ ገበያ

ኩባንያው ራሱ ወይም የቀድሞው ባለቤት አክሲዮኑን ለሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸጥ የመጀመሪያ ደረጃ ገበያ ይባላል። ለዚህ የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የድርጅቱ ከመቶ 10 እጅ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር ለሽያጭ ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር፣ ትልቁ 3,333 አክሲዮን ወይም 999,900 ብር ነበር። ሽያጩ በየካቲት 2017 ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል አክሲዮን፣ የተሰበሰበውም 3.2 ቢሊዮን ብር ያህል ነው። ከቀረበው ዐሥር አንዱ ገደማ ተሸጠ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው የኩባንያው ስም መግነኑ ብቻውን አክሲዮኑን እንደማያሸጠው ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ገበያ የሚባለው ደግሞ ባለአክሲዮኑ የያዘውን ለሌላ ሰው የሚሸጥበት ነው። ገንዘቡ ከገዢ ወደ ሻጭ ይሄዳል እንጂ ኩባንያው ጋ አይደርስም። የተደራጀ ገበያ ባልነበረበት ዘመን ሻጩ ገዢውን ራሱ ሲፈልግ ይንከራተት ነበር። በተደራጀው ገበያ ግን ግዢና ሽያጩ የሚካሄደው ፈቃድ ባለው ደላላ በኩል ነው። ይህ ደላላ እንደ ከብት ገበያው ደላላ በቃል ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው።

ሠ) የተጻፈ ዋጋና የገበያ ዋጋ

የወፍጮ ቤቱ አክሲዮን ሲወጣ የተጻፈበት ዋጋ 1,000 ብር ነው፤ ይህ አይለወጥም። ገበያ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ ግን ይወጣል፣ ይወርዳል። ሥራው ደህና ነው ተብሎ ገዢ ሲበዛ 1,500 ብር ሊደርስ ይችላል። በ1,000 ብር የገዛው ሰው 120 ብር ሲያገኝ ከመቶ 12 አገኘ። በ1,500 ብር የገዛው ግን ያንኑ 120 ብር አግኝቶ ከመቶ 8 ብቻ ሆነለት። ስለዚህ «ጥሩ ኩባንያ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «በዚህ ዋጋ ያዋጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ዋጋው ወደ 700 ብር ቢወርድስ? በ10,000 ብር 10 አክሲዮን የገዛው ሰው ቢሸጥ 7,000 ብር ያገኛል። የተቀበለው 1,200 ብር ድርሻ ቢደመርለት እንኳ 1,800 ብር ከስሯል።

ረ) ጠቋሚ ቁጥርና የብድር አደጋ

ገበያው በጠቅላላው ወጣ ወይስ ወረደ የሚለውን ለማወቅ የጥቂት ኩባንያዎችን ዋጋ አንድ ላይ አስልቶ የሚገልጽ ቁጥር አለ፤ ጠቋሚ ቁጥር ይባላል። ከሁሉ የታወቀው የአሜሪካው ዳው ጆንስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1896 በ12 ኩባንያዎች ተጀመረ። በሴፕቴምበር 1929 ይህ ቁጥር 381 ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውስጥ የኒውዮርክ ገበያ ተንኮታኮተ፤ በጁላይ 1932 ቁጥሩ 41 ላይ ወደቀ። ወደ ቀድሞው ቦታው የተመለሰው በ1954 ነው። በ1929 የገዛ የሠላሳ ዓመት ሰው ያን ቁጥር መልሶ ያየው በሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው ማለት ነው።

ጉዳቱን ያከበደው አንዱ ነገር ብድር ነበር። ብዙዎች ከዋጋው ጥቂቱን ብቻ ከኪሳቸው ከፍለው ቀሪውን ተበድረው ይገዙ ነበር። 100 ብር ከራሱ፣ 900 ብር በብድር አድርጎ የ1,000 ብር አክሲዮን የገዛ ሰው፣ ዋጋው ከመቶ 10 ሲወርድ የራሱ 100 ብር በሙሉ አለቀ። ከዚያ በታች ከወረደ የሚቀረው ዕዳ ብቻ ነው። ለደመወዝተኛ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ ለአክሲዮን ብሎ መበደር አይገባም።

ሰ) ስጋትን ማከፋፈል

ገበሬ መሬቱን ሁሉ ጤፍ አይዘራም፤ አንዱን ማሳ ባቄላ፣ ሌላውን ገብስ ያደርጋል። ዋግ ቢመታው አንዱ ይተርፍለታል። ገንዘብም እንደዚሁ ነው፤ ከፊሉን ባንክ፣ ከፊሉን ቦንድ፣ ከፊሉን በተለያዩ ኩባንያዎች አክሲዮን ማድረግ ስጋትን ማከፋፈል ይባላል። ኪሳራን ባያጠፋም ያቀለዋል።

ሸ) ደንበኛ ሳቢ መግለጫ

ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ ሀብቱን፣ ዕዳውን፣ የቀድሞ ትርፍና ኪሳራውን፣ ገንዘቡን ለምን እንደሚያውለውና ሊገጥመው የሚችለውን ስጋት ጽፎ ማቅረብ አለበት። ይህ ጽሑፍ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ ይባላል። ስሙ «ሳቢ» ቢሆንም ለገዢው ትልቁ ጥቅሙ ስጋቱ የተጻፈበት ገጽ ነው፤ መነበብ ያለበትም ከዚያ ጀምሮ ነው።

አንድ ሰው መጥቶ «በሦስት ወር እጥፍ እንከፍላለን፣ ሰው ካመጣህ ደግሞ ይጨመርልሃል» ቢል ከላይ ባየናቸው ቃላት እንመዝነው። የተቆረጠ ክፍያ ቃል ስለገባ አክሲዮን አይደለም። ተበዳሪው ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ ምን ሥራ ላይ እንደሚውል ካልታወቀ ቦንድም አይደለም። የሚከፈለው አዲስ ከሚገቡት ሰዎች ገንዘብ ከሆነ አዲስ ሰው የጠፋ ቀን ሁሉም ነገር ያበቃል። መግለጫውንና ፈቃዱን አሳዩን እንበል፤ ፈቃዱንም ከባለሥልጣኑ እናጣራ። ዘመድ ነው፣ የሰፈር ልጅ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ባጭሩ አክሲዮን ባለቤትነት ነው፤ ባለቤትነት ደግሞ ትርፍንም ኪሳራንም ይጨምራል። ይህችን አንዲት ነገር አጥርቶ ያስረዳ መምህር ለተመደበበት መንደር ብዙ ጠቀመ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ኩባንያ 500 አክሲዮን አለው። ጉባዔው 60,000 ብር ይከፋፈል ቢል 15 አክሲዮን ያለው ሰው ስንት ይደርሰዋል?

2. አንዲት ሴት 20 አክሲዮን እያንዳንዱን በ800 ብር ገዙ። ለአንዱ አክሲዮን 90 ብር የትርፍ ድርሻ ተቀብለው በኋላ እያንዳንዱን በ600 ብር ሸጡት። አተረፉ ወይስ ከሰሩ? በስንት?

3. በአክሲዮንና በቦንድ መካከል ያለውን ልዩነት ማንበብ ለማይችሉ አባት ወይም እናት እንደምታስረዱ አድርጋችሁ በአምስት መስመር ጻፉ። በቡድን ሆናችሁም ተወያዩበት።

መልስ፦ 1) 1,800 ብር። 2) በ2,200 ብር ከሰሩ።