ስለ ሜሞሪ ካርድና ሙሉ ግልባጭን በላዩ ስለ መጻፍ

የብራና መጽሐፍ ሲገለበጥ ጸሓፊው አንድ መስመር ቢዘል፥ ጕድለቱ ከዚያ መጽሐፍ ለሚማሩት ኹሉ ይተርፋል። በሜሞሪ ካርድ ላይ የሚጻፈው የኮምፒዩተር ሥርዓትም እንዲሁ ነው።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ራስበሪ ፓይ የተባለ፥ የባንክ ካርድ የሚያህል ታናሽ ኮምፒዩተር ለሽያጭ ወጣ። ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ሲጫንበት ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ስለዚህ ኢንተርኔት ለማይደርስበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊኾን ይችላል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚነሣበት ሥርዓትና መጻሕፍቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሜሞሪ ካርድ ውስጥ ናቸው። ካርዱ ቢበላሽ ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ ማለት ነው።

የፍላሽ ጠባይ፤

በካርዱ ውስጥ ያለው ማከማቻ ፍላሽ ሜሞሪ ይባላል። ይህንም በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ለሊቃውንት ጉባኤ አስታወቀ። ጽሕፈቱ ቀለም አይደለም፤ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ሽፋን ውስጥ የታሰረ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም ጽሕፈቱ አይጠፋም።

በተጻፈበት ብራና ላይ ሌላ ለመጻፍ አስቀድሞ መፋቅ እንዲያስፈልግ፥ ፍላሽም ሳይፋቅ አዲስ ጽሕፈት አይቀበልም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከብራና አንዲት ፊደል ብቻ ለይቶ መፋቅ ይቻላል፤ ፍላሽ ግን ብዙ ገጽ የያዘ ክፍል በሙሉ ባንድነት ይፋቃል። ደግሞም ብራና ሲደጋግሙ ቢፍቁት እንዲሳሳ፥ ፍላሽም በመፋቅ ብዛት ያረጃል።

ምስል ስለሚባለው፤

ምስል ሲባል ሥዕል አይደለም፤ ፋይሎቹን ከነአደራደራቸው አንድም ሳያጐድል የያዘ ሙሉ ግልባጭ ነው። ለራስበሪ ፓይ በሚዘጋጀው ምስል ውስጥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያነበው ክፍልና የሊኑክስ ሥርዓት ያለበት ክፍል ይገኛሉ። እነዚህ በካርዱ ላይ በየቦታቸው መጻፍ አለባቸው። ምስሉን እንደ ሌላ ፋይል በካርዱ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ፥ መጽሐፉን ሳይፈቱ በማኅደሩ እንደ ማኖር ነው፤ ኮምፒዩተሩ አያነበውም።

የሥራው ተራ፤

1ኛ፤ ምስሉ ሳይጐድል መምጣቱ ይመርመር። ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የሚባለው ስሌት ከፋይሉ ይዘት 64 ፊደልና አኃዝ ያለው ምልክት ያወጣል። ምልክቱ አዘጋጆቹ ካስታወቁት በአንዲት ፊደል እንኳ ቢለይ በፋይሉ አይሠራበት።

2ኛ፤ የካርዱ መጠን ከምስሉ አይነስ። በካርዱ ላይ የነበረው ኹሉ ስለሚጠፋ የሚፈለገው አስቀድሞ ወደ ሌላ ይቀዳ።

3ኛ፤ የሚጻፍበት ዕቃ ስም ሁለት ጊዜ ይታይ። ዲዲ የሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ማረጋገጫ ሳይጠይቅ ይጽፋል። በካርዱ ፈንታ የኮምፒዩተሩን ዲስክ ቢያሳዩት፥ በዚያ ያለውን የተማሪዎች መዝገብ ያጠፋል።

4ኛ፤ በመጻፉ መካከል መብራት ቢጠፋ ካርዱ እኩሌታው ተጽፎ ይቀራል። ስለዚህ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ይመረጥ። የተቋረጠው ሥራ አይታመን፤ ከመጀመሪያው ይደገም።

5ኛ፤ የተጻፈው ተመልሶ ይነበብና ከምስሉ ጋራ ይመሳከር። ራስበሪ ፓይ ኢሜጀር የሚባለው ፕሮግራም ይህን ራሱ ያደርጋል። ኮምፒዩተሩ ገና ያልጨረሰው ጽሕፈት ሊኖር ስለሚችል፥ ካርዱ በትእዛዝ ሳይለቀቅ አይነቀል።

ስለ ጥበቃው፤

ካርድ ማርጀቱ አይቀርም። ስለዚህ አስተማሪው ሁለት ካርድ ጽፎ ኹለቱንም ይፈትን፤ አንዱንም ቀን ጽፎበት በደረቅ ስፍራ ያኑር። ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ የሚያዋጡ ሽማግሌዎችም የሁለተኛውን ካርድ ዋጋ አይርሱ። ዋጋው ጥቂት ነው፤ ካርዱ በጠፋ ቀን ግን ተማሪዎች ያለ መጽሐፍ እንዳይቀሩ ያደርጋል።

ጥያቄ፤

1. ፍላሽ ሜሞሪ ብራናን የሚመስለው በምን ነው? የሚለየውስ?
2. ምስሉን በካርዱ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ለምን አይበቃም?
3. ከተጻፈ በኋላ ማመሳከር ለምን ያስፈልጋል?